ሃምሳ ሜትር

እህቴ ምግብ የምትሠራው ጃንጥላ ዘርግታ ነው። ውጭ እንዳይመስላችሁ፤ በገዛ ማድ ቤቷ፣ በገዛ ጣራዋ ሥር። የጃንጥላውን እጀታ ግድግዳው ላይ በተመታ ምስማር በሽቦ ጠፍራ ከምድጃው በላይ ዘርግታዋለች፤ የጣራው ጠብታ ጃንጥላው ላይ ያርፍና በጠርዙ ተንሸራቶ ወደ ባልዲው ይወርዳል። የእኔ ክፍል መስኮት ከማድ ቤቷ ፊት ለፊት ስለሆነ ዝናብ በጣለ ቁጥር ይህን ትርኢት ሳልከፍል አያለሁ። ያን ዕለት ጠዋትም አየሁ። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ አንድ ጠብታ ጃንጥላውን ስቶ ማጅራቷ ላይ ሲያርፍባት ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ መክተፏን ቀጠለች። አልተራገመችም። ብትራገም ይሻለኝ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል አልተነፈሰችልኝም፤ አንድ ግቢ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ገመድ ይዘን ሆድና ጀርባ ሆነናል።

ጣራውን ማስቀየር አቅቷት አይደለም። ቆርቆሮው ከተገዛ ቆይቷል፤ አልጋዋ ሥር ተጋድሟል። ዋጋው ዛሬ እጥፍ ስለደረሰ በደህናው ጊዜ መግዛቷ እንደ ብልህነት ይቆጠርላታል። ምስማሩ አለ፣ አናጢው አለ። የሌለው ፈቃድ ነው። የከለከላት ሕግ ነው፤ ያንን ሕግ በቤቷ ላይ የጠራሁባት ደግሞ እኔ ታናሽ እህቷ ነኝ። እንግዲህ ከዚህ በኋላ እንዴት አደርሽ ትበለኝ?

ከቤታችን ኋላ ግንብ አለ፤ ከግንቡ ኋላ አራት ሄክታር መሬት። የድሮ ባትሪ ፋብሪካ ነው። ድርጅቱ ከፈረሰ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ባለቤቶቹ ማሽኑን ነቅለው ሸጡ፣ የመጋዘኑን ጣራ ገፈው ሸጡ፣ የበሩን ብረት ሊነቅሉ ሲሉ ማዘጋጃ ቤቱ ደርሶ በሰንሰለት ቆለፈው። መርዙን ግን ማን ይገዛቸዋል? እሱን ለእኛ ትተውልን ሄዱ። በበጋ አቧራው ተነስቶ የታጠበ ልብሳችን ላይ ያርፋል፤ በክረምት ውሃው በግንቡ ሥር ሰርጎ ግቢያችን ይገባል። መሀል ከተማ ነው ይህ ሁሉ። ሰው አንዲት ክፍል ለመከራየት በሚናጠቅበት፣ ባልና ሚስት ከአማት ጋር በመጋረጃ ተለያይተው በሚተኙበት ከተማ፣ አራት ሄክታር ሙሉ ለድመትና ለአይጥ ተሰጥቷል። ሰዎች እዚያ ቤት ይሠራል፣ ወርክሾፕ ይሠራል፣ መናፈሻ ይሆናል ሲሉ እሰማለሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ከአራት ዓመት በፊት የጤና ጣቢያችን ነርስ የመዋዕለ ሕፃናቱን ልጆች ደም አስመረመረች። ከሃያ ልጆች በአሥራ አንዱ ደም ውስጥ እርሳስ ተገኘ፤ የሚጻፍበት አይደለም፣ ባትሪ የሚሠራበት ማዕድን። ነርሷ ውጤቱን ይዛ እኔ ዘንድ መጣች። የእኔ ሥራ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ በሚቆምባት ሱቅ ውስጥ፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ የሚያለቅስ ፎቶ ኮፒ ማሽን ይዤ ሃያ ዓመት ተቀምጫለሁ። የተባረረ ሠራተኛ፣ ውርስ የተነጠቀች መበለት፣ ቆጣሪው የተቆረጠበት ዳቦ ቤት፣ ሁሉም በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው። ሰፈሩ «አንቀጽ» ይለኛል። የአሥራ አንዱን ልጆች ወረቀት ሳይ ደሜ ፈላ፤ ምሳዬን ሳልበላ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። መሬቱ የተበከለ ተብሎ ይመዝገብልን፣ መንግሥት ይወቀው፣ ይጸዳ። ሁለት መቶ ሠላሳ ሰው ፈረመ። የመጀመሪያዋ ፈራሚ እህቴ ናት።

መዘገቡልን። ሰፈሩ እልል አለ፤ እኔም ለሁለት ሳምንት አንገቴን ቀና አድርጌ ሄድኩ። ከዚያ ደብዳቤው መጣ። ለካስ በመመሪያው አንቀጽ አሥራ አራት መሠረት፣ መሬት የተበከለ ተብሎ ከተመዘገበ፣ እሱና በዙሪያው ሃምሳ ሜትር ውስጥ ያለ ይዞታ ሁሉ ይታገዳል። አይሸጥ፣ አይለወጥ፣ አይጠገን፣ በባንክ አይያዝ። እስከ መቼ? ኃላፊው ወገን እስኪያጸዳው ድረስ። ኃላፊው ወገን ማነው? የፈረሰው ድርጅት። እንግዲህ ሙት ተነስቶ እስኪጠርግልን እንጠብቅ ማለት ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ አሉ። ስልሳ አንድ ቤት ታገደ፤ የእህቴ ስድስተኛው ነው።

መመሪያውን አላነበብሽም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሁሉም ጠይቆኛል። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ለግማሽ ሰዓት አውሳኝ በገዛ ማሽኔ ኮፒ አንስቼዋለሁ። ወረቀቱ ከፊትም ከጀርባም የታተመበት ነበር፤ እኔ ቸኩዬ ፊት ፊቱን ብቻ አነሳሁ። የምፈልገውን፣ ስለ ምዝገባ የሚለውን አንቀጽ ስምንትን እንዳገኘሁ ገጹ ይዝለል አይዝለል አላየሁም። ደንበኛ ዶሴ ሲያመጣልኝ «ጀርባውን ረስተሃል» ብዬ የምቆጣ ሴትዮ ነኝ እኮ! አንቀጽ አሥራ አራት ጀርባው ላይ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ አፍስሼ እስከ ዛሬ ለቅሜ አልጨረስኩም።

ያን ዕለት የመልቀሚያው ቀን ነበር። ከነርሷና ሳትከፈል ከምትረዳን አንዲት የአፈር መሐንዲስ ጋር ሆነን መመሪያው እንዲሻሻል ሦስት ዓመት ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ስንል ከርመን፣ የማሻሻያው ረቂቅ ለሕዝብ አስተያየት ሊቀርብ ነው። ረቂቁን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መሬቱን ተረክቦ የሚያለማ ሰው ከእሱ በፊት ለተደረገው ጥፋት አይጠየቅ ይላል፤ ምክንያቱም በነባሩ መመሪያ መሬቱን የነካ ሁሉ የሟቹን ጥፋት ስለሚወርስ፣ ቤት ሊሠራበት የፈለገ ማኅበርም ጋራዥ ሊከፍቱበት ያሰቡ ሰዎችም መጥተው አይተው ሸሽተዋል። ቦታው ለሚውልበት አገልግሎት በሚበቃው መጠን ይጽዳ ይላል፤ ነባሩ ግን መኪና ማቆሚያ ለማድረግም ቢሆን አፈሩ ከፋብሪካው በፊት እንደነበረው ይሁን ነው የሚለው። ማጽጃ የሚሆን ገንዘብ ከፋብሪካዎች ፈቃድ ላይ ይዋጣ ይላል። የሃምሳ ሜትሩ እገዳም ይነሳ ይላል። ለዚህኛው ስል ነው እንቅልፍ ያጣሁት፤ ሌላውን ለሕዝብ ብዬ ነው፣ ይህኛውን ለአንዲት ሴት ጣራ። ዛሬ ካለፈ ለምክር ቤቱ ይቀርባል፤ ዛሬ ከወደቀ ደግሞ ቀጣዩ መድረክ መቼ እንደሚጠራ እንጃ።

ዶሴዬን ታቅፌ ስወጣ የእህቴ ባል በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ጋሼ ነው የምለው፤ ሰፈሩ «ፎርማን» ይለዋል። ፋብሪካው እስኪዘጋ ሃያ ሁለት ዓመት የማቅለጫ ምድጃው ኃላፊ ነበር። ከዚያ ጀምሮ ሳሉ አይለቀውም፤ ጠዋት ጠዋት የግቢው ሰዓት እሱ ነው። በእኔና በእህቴ መካከል ያለውን ወሬ ሁሉ የሚያመላልሰውም እሱ ነው። ውሃ መጣ ይለኛል፣ መብራት ሄደ ይለኛል፣ የተላከችውን እንጂ ከራሱ አይጨምርም። ያን ዕለት ግን ቡናማ ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ «እኔም ልምጣ» አለ። ስብሰባው ረጅም ነው፣ ይደክምዎታል አልኩት። ቁጭ ማለት አያቅተኝም አለ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ብጠይቀው ፊት ፊት መራመድ ጀመረ፤ ከኋላችን የማድ ቤቱ መስኮት ውስጥ የእህቴ ቢላዋ ድምፁ ሲቆም ሰማሁ።

አውቶቡሱ ውስጥ ወንበር ለቀቁለት፣ እኔ አጠገቡ ቆምኩ። መንገዱን ሙሉ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፣ ቁጥር እንደሚቆጥር ሰው። ጸሎት መሰለኝ። እኔም የሦስት ደቂቃ ንግግሬን በልቤ እየደጋገምኩ ስለነበር ብዙ አላስጨነቀኝም። ለአንድ ተናጋሪ የተፈቀደው ሦስት ደቂቃ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተኛ መሬት፣ ስልሳ አንድ የታገደ ቤት፣ አሥራ አንድ ልጅ፣ በሦስት ደቂቃ።

የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ መድረኩ ላይ ጨርቅ የለበሰ ረጅም ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃና የፕላስቲክ አበባ አለው፤ ከታች ለእኛ የተደረደረው አንድ እግሩ የሚነቃነቅ ወንበር ነው። ውሃ ለእኛ የለም፤ ስለውሃችን ልንከስ መጥተን ማን ያጠጣናል። መሀል ላይ ሰብሳቢው ተቀምጧል፣ ሲናገሩት ራሱን ለሁሉም የሚነቀንቅ ለስላሳ ሰው። በቀኙ የሕግ ክፍሉ ኃላፊ፣ ሸሚዙ ላይ አንድ መታጠፊያ የማይታይበት። በግራው ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ጸሐፊ። የሰፈራችን ሰው ሰባ ያህል መጥቷል፤ ነርሷ ከፊት፣ መሐንዲሷ ካርታዋን ጠቅልላ ከጎኗ። የማይተዋወቁ ሰዎች ገና ሰላም ሳይባባሉ ስለጣራና ስለግድግዳ ሲያወሩ ሰማሁ። አንዱ ልጁን ለማሳከም ቤቱን ማስያዝ ተከልክሎ እንዴት እንደሆነ ሲናገር ሌላው እሱን አቋርጦ የራሱን ይቀጥላል። ሁሉም ሲያየኝ ዝም ይላል። ሦስት ዓመት ነው እንዲህ የሚያደርጉኝ፤ ለመድኩት ብል ውሸት ነው።

ተራዬ ሲደርስ ተናገርኩ። ድምፄ ይንቀጠቀጣል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ እሱስ ከንዴት ብዛት ጠነከረልኝ። ይህ መመሪያ መርዙን አላሰረውም አልኩ፤ መርዙ በግንቡ ሥር እንደልቡ ይገባል ይወጣል፣ በነፋስ ይበራል፣ የልጆች ደም ውስጥ ቤት ይሠራል፤ ቤት መሥራት የተከለከልነው እኛ ነን። ያጠፋው ሄዷል፣ የሚያለማው ፈርቷል፣ የሚኖርበት ታግዷል፤ ከዚህ መመሪያ የተጠቀመ አንድ ሰው ካለ እጁን ያውጣ አልኩ። ተጨበጨበ። ሲያጨበጭቡልኝ ከሦስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያቸው ነበርና ዓይኔ እንባ አዘለ፤ ለመደበቅ ዶሴዬ ላይ አቀረቀርኩ። ያኔ ነው የሕግ ኃላፊው ማይክሮፎኑ አለመዘጋቱን ሳያይ ወደ ሰብሳቢው ዘንበል ብሎ፣ «መሬት ነው፤ እህል አይጠይቅ፣ ደሞዝ አይጠይቅ። ቢቆይ ማንን ይጎዳል?» ያለው። አዳራሹ በሙሉ ሰማ። እሱም እንደተሰማ ገባው፤ ማይኩን ዘጋና ውሃውን ተጎነጨ፤ አላፈረም። እኔ አፈርኩለት። የሰው ልጅ ደም እየተመረዘ «ማንን ይጎዳል» የሚል አፍ፣ ጥርሱን ፍቆ ነው የሚወጣው ጠዋት ጠዋት።

ቀጥሎ መሐንዲሷ ተናገረች። ካርታዋን ዘርግታ ነገሩን በቀጥታ አስረዳች። ፋብሪካው ዝቃጩንና የምድጃውን ጥቀርሻ ግቢው ውስጥ ቀብሯል፤ የት እንደቀበረ ግን መዝገብ የለም። የቱ ጋ እንደሆነ ቢታወቅ ቆፍሮ ማውጣት የአንድ በጋ ሥራ ነው፣ የቀረው መሬት በንጹሕ አፈር ተሸፍኖ ሊሠራበት ይችላል። ካልታወቀ ግን አራቱንም ሄክታር በየአምስት ሜትሩ መብሳት ነው፤ እሱ ወጪው አሥር እጥፍ ነው። ሰብሳቢው ይህችን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ፣ የሚነቀንቅበት ምክንያት እንዳገኘ ሰው። ከተማው ይህን ወጪ አይችልም አለ፤ መጠኑ ያልታወቀ ወጪ ያለበት ረቂቅ ለምክር ቤት ማቅረብ አይቻልም፣ ስለዚህ ረቂቁ ለሚቀጥለው የበጀት ዓመት ይደር። ረቂቄን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ይደር! ሦስት ዓመቴን አጥፎ በዚፕ ዘጋው። አልሸሹም ዞር አሉ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ፣ ወንበር ተንቋቋ፣ ከኋላ ያሉት መነሳት ጀመሩ።

ያኔ ጋሼ ከጎኔ ተነሳ። ከተነሳ በኋላ ሳለ፣ ሳሉ እስኪያልፍ ኮቱን ይዞ ጠበቀ፤ ሰውም በአክብሮት ይሁን በመሰልቸት ጠበቀው። «የት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ» አለ። «የቀበርኩት እኔ ነኝ።»

ማይክ አላመጡለትም፤ እሱም አልጠበቀም። ሦስት ጉድጓድ ነው አለ። አንዱ ሚዛን ቤቱ ሥር፣ ከበሩ አርባ ሁለት እርምጃ። ሁለቱ በምዕራቡ ግንብ ሥር ጎን ለጎን፣ በመካከላቸው አሥራ አምስት እርምጃ፣ ጥልቀታቸው የሁለት ሰው ቁመት። በርሜሉ ስንት እንደሆነ፣ የቱ ዓመት የትኛው እንደሞላ፣ ከላይ ምን እንደተደፋበት አንድ በአንድ ተናገረ። አውቶቡሱ ውስጥ ሲቆጥር የነበረው ጸሎት አልነበረም። መሐንዲሷ ሮጣ ካርታውንና እስክሪብቶ አመጣችለት፤ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ሦስት አራት ማዕዘን ሳለላት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከተማው «አይታወቅም» ሲለው የኖረው ነገር ከፋብሪካው ግንብ አጠገብ፣ በአንድ የሳል በሽተኛ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። ጎንበስ ብዬ፣ ጋሼ ለምን አልነገሩኝም አልኩት፤ ሦስት ዓመት ስጽፍ፣ አንድ ግቢ እየኖርን። ዓይኑን ከካርታው ሳያነሳ፣ «ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ጠይቄው አላውቅም። ሚኒስቴር ጽፌያለሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ጽፌያለሁ፣ በሩ ላይ ቆሞ ውሃ መጣ የሚለኝን ሰው አልጠየቅኩም።

የሕግ ኃላፊው ማይኩን ከፈተ። እኚህ አባት ያሉት በቃለ ጉባኤው ይስፈር አለ። ቀጥሎም ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ አባቴ ስምዎን ለጸሐፊው ይስጡ አለ። በሥራ ላይ ባለው መመሪያ አንቀጽ ዘጠኝ መሠረት መርዛማ ነገር ያፈሰሰ፣ የቀበረ ወይም ያስቀበረ ማንኛውም ሰው ኃላፊው ወገን ነው፤ ቦታውን በራሱ ወጪ በሠላሳ ቀን ውስጥ ማጽዳት ይጀምራል፣ ካልጀመረ ንብረቱ ይያዛል። እኛ ያወጣነው አይደለም፣ ሕጉ ነው አለ። ጋሼ የታዘዝኩትን ነው የቀበርኩት አላለም። ስሙን ከነአያቱ ተናገረ፣ ጸሐፊውም ጻፈ።

እኔ ውስጤ የሆነውን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ኃላፊውን በዶሴዬ ልፈነክተው አሰብኩ። ከዚያ ዶሴውን ገለጥኩ፤ የራሴን ረቂቅ ከላይ እስከ ታች፣ ከፊትም ከጀርባም አገላበጥኩ። መሬቱን ለሚረከብ ባለገንዘብ ጥበቃ ጽፌያለሁ። ለጎረቤት ጽፌያለሁ። ብድር ለሚሰጥ ባንክ እንኳን ሳይቀር ጽፌያለሁ፣ ይፈራልና። አፉን ከፍቶ ለሚናገር ሠራተኛ አንዲት መስመር አልጻፍኩም። ሀብታም እንዳይፈራ ስጠነቀቅ፣ በሳል እየታፈነ እውነቱን የያዘውን ሰው ለጅብ ትቼዋለሁ። ያጠፉት በአውሮፕላን ሄዱ፣ ሕጉ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈልጎ ፈልጎ ያገኘው ጥፋተኛ የምድጃ ኃላፊ ጡረተኛ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ በገዛ እህቴ ቤት ላይ ሕግ ጠራሁ። በእጄ ይዤው የመጣሁት እኔ ነኝ።

«ጸሐፊው፣ እኔንም ጻፍ» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ሦስት ዓመት በግድግዳ በኩል ብቻ የሰማሁትን ድምፅ ለመለየት ዘወር ማለት አላስፈለገኝም። እህቴ በመካከለኛው መተላለፊያ ስትመጣ የቀሚሷ ጠርዝ ርሷል፣ የማድ ቤት ሽርጧን እንኳን አልፈታችም። ባሏ ኮት ለብሶ ሲወጣ ነገሩ ገብቷት ተከትላን መጥታ፣ ከሁሉም ኋላ ቆማ ስትሰማ ቆይታለች። መድረኩ ሥር ደርሳ ቆመች።

«ሃያ ሁለት ዓመት የሥራ ልብሱን ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለች። «ውሃው እንደ ከሰል ይጠቁር ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን ግንቡ ሥር ደፋሁት። ያፈሰሰ ይል የለም? አፍስሻለሁ። ጻፍ።»

የሕግ ኃላፊው ፈገግ ለማለት ሞከረ። እናቴ ይቀመጡ፣ የእርስዎ ከዚህ ጋር አይገናኝም አለ።

«ምኑ ነው የማይገናኘው?» አለች። «ጣራዬ ሲሆን ተገናኝቶ የለም እንዴ?»

አንድ ሰው ሳቀ፣ ቀጥሎ አዳራሹ አጉረመረመ፤ ጩኸት ሳይሆን ሰባ ሰው ባንድ ላይ ጉሮሮውን ሲጠርግ የሚሰማው ዓይነት። ጸሐፊው ኃላፊውን አየ፣ ኃላፊው ሰብሳቢውን፣ ሰብሳቢውም ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን መነቅነቅ አቆመ። የመመሪያው ቃል «ማንኛውም ሰው» ነው የሚለው። ጸሐፊው ጻፈ። እህቴ ጎንበስ ብላ ስሟን አየች፣ ፊደሉን በጣቷ ተከትላ አረጋገጠች። ከዚያ ቀና ብላ እጇን ወደ ኃላፊው ዘረጋች፣ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ።

«እንግዲህ ተጽፈናል። አጽዱ ካላችሁን የግቢውን ቁልፍ አምጡ።»

ኃላፊው ምን አሉኝ አለ። ቁልፉን አለች፤ ሠላሳ ቀን ሰጥታችሁናል፣ ዛሬ አንዱ ነው፣ ግንብ ዘለን እንግባ ወይ? መሐንዲሷ ከወንበሯ ሳትነሳ መመሪያውን ገልጣ፣ ኃላፊው ወገን ወደ ቦታው እንዲገባ ወዲያውኑ ይፈቀድለታል የሚለውን ጮክ ብላ አነበበች። ሰብሳቢው ቁልፉ ማን ጋ ነው ብሎ ጠየቀ። የሕግ ኃላፊው፣ ንብረት ክፍል ጋ ነው አለ። ንብረት ክፍል ተደወለ፤ መሬት አስተዳደር ነው አሉ። መሬት አስተዳደር ተደወለ፤ ጥበቃ ክፍል ነው አሉ፣ ጥበቃ ክፍል ደግሞ እንደዚህ ያለ ግቢ መኖሩን ሰምቶ አያውቅም። እህቴ ይህ ሁሉ ስልክ ሲደወል እጇን አላጠፈችም። ስልሳ አንድ ቤት አግደው፣ ጠብታ በጃንጥላ አስቀብለው፣ አንድ ሽማግሌ ወንጅለው የሚጠብቁት በር፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ የሚያውቅ ሰው በዚያ ሁሉ ሕንጻ ውስጥ አልነበረም።

ሰብሳቢው ሰዓቱን አይቶ ከምሳ በኋላ እንመለስበት አለ። «ከምሳ በፊት» አለች እህቴ፣ እና የመድረኩ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ጋሼ መጥቶ በቀኟ ተቀመጠ። ሊወጣ የተነሳው ሰው ሁሉ ወንበሩን ስቦ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ማንም ያዘዘው የለም። ሰብሳቢው ጠረጴዛው ላይ ያለውን አበባ ወደ ጎን ገፋ። ከዚያ ቦርሳውን ከፍቶ ረቂቄን አወጣ፣ እጥፋቱን በመዳፉ ዳበሰና፣ የጠቆመ ሠራተኛን የሚመለከት ነገር እዚህ ላይ አላየሁም አለኝ። የለም አልኩት፣ ረስቼው ነው፤ ሰው ሁሉ ፊት። የት ይግባ አለ። ከሁሉ በፊት ይግባ አልኩት፤ የተቀበረውን ያሳየ ሠራተኛ፣ ቤተሰቡም፣ ባሳየው አይጠየቅም፣ ከዛሬ በፊት የተናገረም ጭምር። የሕግ ኃላፊው ሥልጣኑ የለንም እያለ ነበር፤ ሰብሳቢው ግን ጻፈ። በምክር ቤቱ ይለፍ አይለፍ እኔ ምን አውቃለሁ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የተጻፈ ነገር ሲቀበር ያየሁ ሰው ነኝ።

ቁልፉን ሲፈልጉ እኛ ጠበቅን። እግሬ ሲዝልብኝ የምቀመጥበት አጣሁ፤ ለሰብሳቢው ልመልስ ስነሳ ወንበሬን አንዲት አሮጊት ወስደውብኛል። ወደ ደረጃው ሄድኩ። ከእህቴ በግራ በኩል ያለችው ቦታ ጠባብ ናት፣ ሽርጧን ዘርግታባታለች። ቆሜ ጠበቅኩ። ቀና ብላ አላየችኝም። ሽርጧን ሰበሰበችና ጠጋ አለችልኝ።